ክሪኩ የቆመበት ቦታ

በአንድ ዓመት ውስጥ የመኪናዬን የግራ የታችኛውን ቦል ጆይንት፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሚሸከመው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ፣ 2 ጊዜ ቀየርኩ። የመጀመሪያው 7 ወር ሠራ። ሁለተኛው 4 ወር እንኳ አልሞላም። ዕቃው ነው ብዬ ደመደምኩ። የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ የሸጠልኝን ልጅ ሰው ፊት ተቆጣሁት።

ሥራዬ ወተት ማመላለስ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሱሉልታ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች እሰበስብና የእንጦጦን ቁልቁለት ይዤ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። አስፋልቱ ችግር የለበትም። መከራው ከአስፋልት ወጥቶ ገበሬው ደጅ መድረስ ነው። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይውጣል። በጋ ሲመጣ ያው ጭቃ ይደርቅና የጎማው ፈር እንደ ድንጋይ ይጠጥራል።

መጀመሪያ ጉድጓድ ስገባ «ቋ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የግራው ጎማ በአንድ ጎኑ መበላት ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሻሲውን በክሪክ አነሱ፣ ጎማውን በእጅ ወዘወዙና «ጤነኛ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። በዚያው መኪና 3 ሳምንት ቁልቁለቱን ወረድኩበት። አሁን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል። የታችኛው ቦል ጆይንት ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል፣ መኪናው በግንባሩ ይደፋል። ከፊቴ ደግሞ ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች አሉ።

ነገሩን የፈቱልኝ እዚያው ሱሉልታ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ክሪኩን ሻሲው ሥር አላደረጉም። የታችኛው ክንድ ሥር አቆሙት። ከዚያ ድጅኖ ጎማው ሥር አስገብተው ወደ ላይ ፈነቀሉት። ጎማው ከነክንዱ መነሳት ሲገባው ብቻውን ዘለለ።

«አየህ ልጄ? እዚህ መኪና ላይ ቶርሽን ባሩ፣ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ፣ ከታችኛው ክንድ ጋር ነው የታሰረው። ሻሲውን ስታነሳ ባሩ ክንዱን ወደ ታች እንደጫነው ይቀራል። ልልነቱ ይደበቃል።»

ቀጥለው ቶርሽን ባሩን ዳሰሱና «የመኪናውን ፊት ከፍ ያደረገው ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ወተት ከምወስድባቸው ገበሬዎች አንዷ የእማማ ደጅ ላይ ያለው ቦይ የመኪናውን ሆድ እየፋቀ ስላስቸገረኝ ቶርሽን ባሩን አጥብቄ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አንስቼው ነበር። ቦል ጆይንት ማለት ድቡልቡል ራስ ያለው ብረት ጽዋ ውስጥ ሲዞር ነው፤ እንደ ዳሌያችን መገጣጠሚያ። መኪናው በልኩ ሲቆም ራሱ መሀል ላይ ይቀመጣል። ፊቱን ሲያነሱት ክንዱ ወደ ታች ያዘነብልና ራሱ ሁልጊዜ ወደ ጽዋው ጠርዝ ይጠጋል። ጉድጓድ ሲመጣ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ግራሶውን የያዘው የጎማ ሽፋንም በአንድ ጎኑ ይወጠራል፣ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ውኃና ጭቃ ገብቶ ብረት በብረት ይፋጫል። የወለቀውን ሳየው ሽፋኑ ግማሽ ድረስ ተተርትሯል፣ ውስጡ የቀረው ግራሶ ጭቃ ሆኗል።

ዕቃው ጥፋት አልነበረበትም። ሦስተኛውን የገዛሁት ከዚያው ልጅ ነው። ይቅርታም ጠየቅኩት፣ ሰው ፊት።

ጋሼ ፊቱን ወደ ቀድሞ ቁመቱ መለሱት። አላይመንትም (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) አሠራሁ፤ ቁመት ተነክቶ አላይመንት ካልተሠራ አዲስ ጎማ መብላቱ አይቀርም። ግን የእማማን ቦይ ማለፍ አልቻልኩም። አፍሬ ለእማማ ስነግራቸው «አንተ ልጅ፣ መኪናህ ከሚሰበር አህያዬ ትምጣ» አሉኝ። አሁን የልጅ ልጃቸው 2 ጀሪካን ጭኖ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀኛል። እኔም 10 ደቂቃ ቀደም ብዬ እነሳለሁ፣ ልጁ በብርድ እንዳይቆም።

ባለፈው እሑድ ክሪኩን ክንዱ ሥር አቁሜ በድጅኖ ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። 9ኛ ወሩ ነው።