ወንበሩ ላይ ያለው ግዙፍ

ትናንት ማታ ፕሮሜቲየስን እንደገና አየሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣበት ሰሞን ካየሁት ወዲህ ዞር ብዬም አላየሁት ነበር። ያኔ ከፍቶኝ ነው የወጣሁት። እንዲህ ያስከፋኝ ፊልም ትዝ አይለኝም።

ምክንያቱ ኤሊየን ነው። በ1979ኙ የሪድሊ ስኮት ፊልም ውስጥ ሦስት ሰዎች ወድቆ የቀረ የጠፈር መርከብ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ግዙፍ ፍጡር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ድንጋይ ሆኖ ያገኙታል። ደረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ተበስቷል። ማን ነው? ከየት መጣ? ወዴትስ እየሄደ ነበር? ፊልሙ አይነግረንም። ሰዎቹም ወዲያው የራሳቸው መከራ ይመጣባቸውና ይረሱታል። እኔ ግን አልረሳሁትም። ስኮት ራሱ ከ33 ዓመት በኋላ በፕሮሜቲየስ ተመልሶ ከዚያ በፊት የሆነውን ሊያሳየን ነው ሲባል፣ በቃ አሁን ላውቅ ነው አልኩ።

አወቅኩም። ያ ዝሆን የሚመስለው ፊት ለካ የራስ ቁር ነው። ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ፣ ራሰ በራ፣ ፈርጣማ ሰው ነው። ስንት ዓመት ያሰብኩት ነገር ባንዴ አነሰብኝ።

ስህተቶቹ ዛሬም ስህተት ናቸው። የዋሻውን ካርታ በሚበርሩ መሣሪያዎች ያስነሳው ጂኦሎጂስት ራሱ መንገድ ይጠፋበታል። የሥነ ሕይወት ባለሙያው እባብ መሳይ ፍጡር ሲያይ እንደ ድመት ሊዳብሰው እጁን ይዘረጋል። ሰዎቹ ራሳቸው ካልፈሩ እኔ እንዴት ልፍራላቸው? ይሄን አሁንም ይቅር አላልኩም።

ትናንት ግን ዓይኔ ዴቪድን አልለቅ አለ። ማይክል ፋስቤንደር የሚጫወተው ሮቦት ነው። ሰዎቹ ከ2 ዓመት በላይ ተኝተው ሲጓዙ እሱ ብቻውን ነቅቶ ይቆያል። ብስክሌት እየነዳ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። የጥንት ቋንቋ ያጠናል። ላውረንስ ኦፍ አረቢያ የሚባለውን የድሮ ፊልም ያያል፤ ፀጉሩን ያቀልማል፤ የፊልሙን ተዋናይ የፒተር ኦቱልን አነጋገር ይለማመዳል። የሚያየው ሰው የለም። ለማን ነው የሚዋበው? አንጀቴን በላኝ።

ከዚያ ያቺ የመጠጥ ትዕይንት መጣች። ሳይንቲስቱ ሆሎዌይ የሰውን ልጅ ፈጠሩ የተባሉትን እነዚያን ግዙፎች ሊያገኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ሬሳ ነው ያገኘው። ተስፋ ቆርጦ ይጠጣል። ዴቪድ ይቀዳለታል። እናንተስ እኔን ለምን ሠራችሁኝ ብሎ ይጠይቀዋል። መቻላችንን ስላወቅን ነዋ፣ ይለዋል ሰውየው። አንተ ይሄንኑ መልስ ከፈጣሪህ ብትሰማ ምን ይሰማህ ነበር? ይላል ዴቪድ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። ከዚያ ከዋሻው ያመጣትን ጥቁር ጠብታ በጣቱ ጫፍ ይዞ መጠጡን ነካ ያደርጋል። በ2012 ይሄን ሁሉ አይቼ ልብ አላልኩትም። ጭራቁን ነበር የምጠብቀው። ወይም መልሱን።

የጉዞውን ወጪ የከፈለው ሽማግሌ ዌይላንድም መልስ ፈልጎ ነው የመጣው። ዕድሜ እንዲጨመርለት ለመለመን። በሕይወት ያገኙት አንዱ ግዙፍ ግን የዴቪድን ጭንቅላት ነቅሎ ሽማግሌውን በዚያው ጭንቅላት ይመታዋል። ሊሞት ሲል ምንም የለም ይላል። ወለሉ ላይ የወደቀው ጭንቅላት አውቃለሁ ብሎ ይመልስለታል፤ መልካም ጉዞም ይመኝለታል። እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። ያኔ እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ያልኩት ይሄንኑ ነበር፤ ምንም የለም። ፊልሙ ግን ስለዚህ ቃል ነበር የሚያወራው።

ሲያልቅ እኩለ ሌሊት አልፏል። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ኤሊየንን ከፍቼ ቀጥታ ወንበሩ ጋ ሄድኩ። ስኮት ፍጡሩ ግዙፍ እንዲመስል ከሩቅ በሚታየው ቀረጻ ላይ የጠፈር ልብስ ያለበሰው ትንንሽ ልጆችን ነው፤ የራሱ ልጆችም አሉበት። ይሄን አውቃለሁ። ከሥሩ ራሰ በራ ሰው አለ መባሉንም አሁን አውቃለሁ። ስክሪኑን ተጠግቼ ፈለግኩት። አጥንቱ ከወንበሩ ጋር አብሮ የበቀለ ይመስላል፤ የቱ ጋ ፍጡሩ አልቆ የቱ ጋ ወንበሩ እንደሚጀምር አይለይም። ሰውየውን አላገኘሁትም። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ካሜራው ትቶት ሄደ። ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አየሁት።