የኮኮናት ውሃ ይዤ ስሮጥ የጎደለኝ ጨው

ዱባይ ውስጥ ነሐሴ ላይ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሮጠበት ብቻ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ጁሜራ ባህር ዳርቻ ስደርስ ገና ጨለማ ነው። አየሩ ግን ሙቅ ውሃ ሲወርድበት የቆየ ሻወር ቤት ይመስላል። በዚያ ሰዓት እንኳን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አይወርድም። እርጥበቱ ደግሞ ላብ እንዲደርቅ አይፈቅድም። ላብ ካልደረቀ ሰውነትን አያቀዘቅዝም፤ ሰውነትም ማላቡን አያቆምም።

ለዱባይ ማራቶን መዘጋጀት የጀመርኩት በዚህ ወቅት ነው። ይህ ውድድር ለእኛ ለሐበሾች የቤታችን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ኃይሌ ገብረሥላሴ 3 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎበታል። ከዚያ ወዲህም ልጆቻችን ደጋግመው አሸንፈውበታል። ባንዲራ ይዤ ዳር ቆሜ ስጮህ ከርሜ፣ አንድ ቀን እኔም ልሩጠው አልኩ።

የምሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። አብሮኝ የሚሠራ የሕንዷ ኬረላ ሰው ፊቴ ገርጥቶ ሲያይ «ሲስተር፣ ናሪያል ፓኒ ጠጪ» አለኝ። የኮኮናት ውሃ ማለቱ ነው። በእነሱ አገር ተቅማጥ ለያዘው፣ ፀሐይ ለመታው ሁሉ የሚሰጡት ይህንን ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት ካራማ ሰፈር ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ አረንጓዴውን ኮኮናት በአንድ እጁ ያዘና በትልቅ ቢላዋ ጫፉን ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ቀዳዳው ላይ ስትሮ ሰካና ሰጠኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮ ላይ አይከብድም። ልቤ ወደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፖርት መጠጥ ትቼ የኮኮናት ውሃ በካርቶን መግዛት ጀመርኩ።

አንድ ብርጭቆ የኮኮናት ውሃ ከአንድ ሙዝ የማይተናነስ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለው። ስኳሩም ከለስላሳ መጠጥ በጣም ያነሰ ነው። ይህንን ሳነብ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም አልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

መስከረም ላይ 26 ኪሎ ሜትር ልንሮጥ ወጣን። የያዝኩት የኮኮናት ውሃና ተራ ውሃ ብቻ ነው። እስከ 18 ድረስ ደህና ነበርኩ። 21 ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ትንሽ ቆይቶ አቅለሸለሸኝ። 23 ላይ ባቴን ጨመደደኝና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ እየጠጣሁ ነው፣ ግን ሆዴ ውስጥ ይንቦጫቦጫል እንጂ አልረዳኝም። ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጀርባዬን አይተው «እስቲ ቲሸርትሽን እዪው» አሉኝ። ጥቁር ቲሸርቴ ላይ ነጭ መስመር እንደ ካርታ ተስሏል። ኮፍያዬም ዙሪያውን ነጭ ሆኗል። «ይሄ ሁሉ ጨው ካንቺ ነው የወጣው። መልሰሻል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ የካርቶኑን ጀርባ አነበብኩ። አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ፖታሲየሙ ወደ 470 ሚሊግራም ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ሶዲየሙ፣ ግን 40 ብቻ። በላብ የሚወጣው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከአንድ ሊትር ላብ ጋር ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም ሶዲየም ይወጣል፤ እንደ እኔ ላቡ ጨዋማ የሆነ ሰው ከዚያም በላይ ያወጣል። ፖታሲየሙ ግን ትንሽ ነው። እኔ ብዙም ያልጎደለኝን ስጨምር፣ የጎደለኝን ትቼው ነበር። ባቴ የተጨመደደው በጨው ብቻ ነው አልልም፤ ድካምም አለበት። የራስ ምታቱና የሆዴ ነገር ግን ጨው በልኩ መጨመር ከጀመርኩ ወዲህ አልተመለሰም።

ቀጥሎ ያደረግኩት ነገር ሚዛን መግዛት ነው። ለሯጭ ከጫማ ቀጥሎ ይህን ግዙ እላለሁ። ከሩጫው በፊት 58.2 ኪሎ ነበርኩ፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ላቤን ጠርጌ ስመዘን 56.4። በመንገድ የጠጣሁት 750 ሚሊ ሊትር ሲደመርበት ያላበኝ 2 ሊትር ተኩል ነው፤ በሰዓት 1 ሊትር ማለት ነው። የሌላው ሰው ከዚህ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ያላበንን ሁሉ በሩጫ ላይ መመለስ አያስፈልግም። ከሩጫ በኋላ ክብደቱ ጨምሮ የተገኘ ሰው ደግሞ ከልክ በላይ ጠጥቷል፤ ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ስለሚያቀጥነው አደገኛ ነው።

አሁን የምይዘው ግማሽ ሊትር እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። 300 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ውሃ፣ ቀሪው ተራ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ ሎሚ፣ 1 ግራም ጨው። 1 ግራም ጨው የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳን አይሞላም፤ ወደ 400 ሚሊግራም ሶዲየም ግን ይሰጣል። መጀመሪያ በግምት ጨምሬ፣ 10ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዴ አልቀበልም ብሎ መንገድ ዳር አስመለሰኝ። ስለዚህ በእጅ ቁንጠራ አትተማመኑ፤ ለኩት። ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። 5 ሳምንት ሙሉ በየረጅሙ ሩጫ ይህንኑ ጠጣሁ።

አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ያሳደርኩት ሮዝ ሆኖ አገኘሁትና ተበላሸ ብዬ ደፋሁት። የኬረላው ባልደረባዬ ሳቀብኝ። አንዳንዱ ኮኮናት አየር ሲነካው ሮዝ ይሆናል፣ ችግር የለውም አለኝ። ሽታው ከኮመጠጠ ነው የሚደፋው። ደግሞ ከተከፈተ በኋላ በዱባይ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ አይቆይም።

ጾመ ነቢያት ከዝግጅቱ ዋና ወራት ጋር ገጠመ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ስለማልቀምስ ሩጫውን ወደ ማታ አዞርኩት። ኮኮናት በጣም የጠቀመኝ ያኔ ነው። 9 ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ በቀስታ ጠጥቼ፣ ጨው ያለው ምስር ወጥ በእንጀራ እበላለሁ። 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ለእኔ የኮኮናት ውሃ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው፤ ከሩጫ በፊትና ከሩጫ በኋላ፣ ከምግብ ጋር። ጨው ያለው ምግብ ካለ ጎደሎውን ምግቡ ይሞላዋል።

የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያዘውትረው። ያ ሁሉ ፖታሲየም ለእሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ማራቶኑን በ4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ጨረስኩ። ራሴን አላመመኝም፤ 35 ላይ እንኳን ከጎኔ ከሚሮጠው ሰው ጋር አወራ ነበር።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴም መሮጥ ጀምራለች። «ስትመጪ የኮኮናት ውሃ በካርቶን አምጪልኝ» ብላ ደወለች። ሻንጣዬን ከምታስከብጂ አልኳት፣ ጤና ጣቢያ ለተቅማጥ የሚያስተምሩትን ታስታውሻለሽ? በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ሳይከመር። ሎሚ ጭመቂበት። ለረጅም ሩጫ ስኳሩን ትንሽ ከፍ አድርጊው። ዝም አለች። ከዚያ «ይሄማ እማዬ ልጅ ሆነን የምትሰጠን ነው» አለች። እሁድ ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ እንጦጦ ወጣች።