በ2016 የተሣለው ሥዕል

«ሥዕሉን የጨረስኩት ባለፈው ነሐሴ ነው። ዘይት ቀለሙ እንኳ ገና በደንብ አልጠነከረም። እናንተ ግን ሥራሽ አርጅቷል ብላችሁ መለሳችሁልኝ። እህቴ፣ የቱ ጋ ነው ያረጀው?»

ስልኩ የተደወለው በ2017 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ጋለሪ ለጀማሪ ሠዓልያን የኦንላይን ውድድር አውጥቶ፣ ማመልከቻዎቹን አጣርቶ ለዳኞች በላከ በማግሥቱ መሆኑ ነው። ደዋይዋ ከክፍለ ሀገር ያመለከተች ወጣት ሠዓሊ ናት። አስተባባሪዋ የምትለው አጥታ «ቆይ የኔ እመቤት፣ ልየው» አለችና ዝርዝሩን ከፈተች። የልጅቷ ረድፍ ቀይ ሆኗል። «ሥራው የተሠራበት ዓመት» በሚለው ዓምድ ሥር 2016 ተጽፏል።

ጋለሪው የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አመልካቹ ከ35 ዓመት በታች እንዲሆን፣ ሥራውም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ እንዲሆን። የመጀመሪያው መድረኩ ለጀማሪዎች እንዲቀር፣ ሁለተኛው ሠዓሊው ዛሬ ምን እየሠራ እንደሆነ እንዲታይ ነው። ሁለቱም የትም ቦታ የተለመዱ ናቸው። ችግሩ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ማስታወቂያው ላይ ብቻ መኖሩ ነው። ጎግል ፎርሙ ላይ ጥያቄው «ሥራው የተሠራበት ዓመት» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ መስመር። «የትውልድ ዘመን» ከሚለውም ሥር እንዲሁ።

መልሶቹ ተጠራቅመው ጎግል ሺት ላይ ይወርዳሉ። ከሁለት መቶ በላይ ማመልከቻ በዓይን ማጣራት ስለሚያታክት፣ ከቢሮው ልጆች አንዱ ሁለት ቀመር ጻፈ። ዓመቱ ከ2022 ካነሰ ረድፉ ይቅላ፤ ከ2025 ላይ የትውልድ ዘመኑ ሲቀነስ 35 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣም ይቅላ። ቀይ ለሆኑት ሁሉ የይቅርታ ኢሜይል በአንድ ጊዜ ሄደላቸው። ቀመሩ አልተሳሳተም። 2016 ከ2022 ያንሳላ። በ1984 የተወለደ ልጅም ለኮምፒውተሩ 41 ዓመቱ ነው፤ ለእናቱ ግን 33።

ስልኩ ከመደወሉ በፊት አንድ ምልክት ታይቶ ነበር። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ለዓመታት ሥዕል ያስተማሩ አንጋፋ ሠዓሊ ናቸው። የተላከላቸውን ፎልደር አይተው ሲጨርሱ «ይኼ ሁሉ ልጅ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ነው እንዴ? የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቅርብ ተመራቂዎች የታሉ?» ብለው ጠየቁ። አስተባባሪዋም «ጋሼ፣ ያመለከቱት እነዚሁ ናቸው» ብላ አለፈችው። ጥያቄያቸው ግን ቦታውን አግኝቶት ነበር።

ይህ ስሕተት እንደ ሌሎች የመዝገብ ስሕተቶች ወዲያና ወዲህ አይወላውልም፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያጋድላል። በእኛ አቆጣጠር የጻፈ ሁልጊዜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል፣ ሥራውም አብሮት ያረጃል። በስሕተት የሚገባ የለም፤ የሚወጣ ብቻ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍ የለመደው ደግሞ ማን ነው? ከዚህ በፊት ለውጭ አገር ሬዚደንሲ (ሠዓሊ ተጋብዞ ለተወሰነ ጊዜ ለሚሠራበት ቆይታ) አመልክቶ የሚያውቅ፣ ሲቪውን በእንግሊዝኛ ያዘጋጀ፣ ሥራው ተሽጦ ሰነድ የተጻፈለት ነው። መታየት ላልቻሉት ተብሎ የተከፈተው በር አስቀድመው የታዩትን እየመረጠ ያስገባ ነበር። ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ የወጡት።

ቢሮው ውስጥ የመጀመሪያው ሐሳብ «ከ2018 በታች ለሆነው ሁሉ 8 እንደምርበት» የሚል ነበር። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም እውነት በ2016 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሥዕል የላከም አይጠፋም። ስምንት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ የሚጨመረው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። በኅዳር 2014 የተሠራ ሥራ 2021 ነው፣ አያልፍም፤ በመጋቢት 2014 የተሠራው 2022 ነው፣ ያልፋል። ያለ ወር የተጻፈ 2014 ድንበሩ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ የቀላው ረድፍ ሁሉ አንድ በአንድ ታየ። ከሁሉ ቀድሞ ሥዕሉ ራሱ ተመረመረ፦ ብዙ ሠዓልያን ከፊርማቸው አጠገብ ዓመቱን ይጽፋሉ፤ አንዳንዱ ፳፻፲፮ ብሎ በግእዝ ቁጥር ጽፎት ተገኘ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ፊርማው ዓመት ከሌለው የፎቶው ፋይል የተነሣበትን ቀን በውስጡ ይዞ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ለሥዕሉ ዕድሜ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥዕሉ ከዚያ ቀን በፊት ማለቁን። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ እያለ የተነሣ ፎቶ ካለ ነገሩን ይቆርጠዋል። በዚህም ያልተለየው ስልክ ተደወለለትና «በየትኛው ወር ጨረስከው?» ተብሎ ተጠየቀ። «በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅ ደንቡን የሚያውቅ ሰው የሚያልፍበትን መልስ እንዲመርጥ መንገር ነው፤ ወሩን በስሙ ሲናገር ግን አቆጣጠሩ ራሱ ይወጣል፤ «ሚያዝያ» ያለ ሰው ኤፕሪልን አያስብም። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።

የባሰው የዳኞቹ ነገር ነበር። ሦስቱም አንዴ አይተው የሚወዱትን ለይተዋል። ወደ ውድድሩ የተመለሱትን ከመጨረሻው ላይ ቀጥሎ «እነዚህንም እዩልን» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ዓይን አንዴ መስፈሪያውን ካስቀመጠ በኋላ የመጣ ሥራ እንደ ጭማሪ ነው የሚታየው። ጋለሪው የተሰጠውን ነጥብ ሰርዞ፣ ለሁሉም አዲስ የኮድ ቁጥር ሰጥቶ፣ አደባልቆ እንደገና ላከ። ውጭ አገር ያለው ዳኛ አጉረመረመ፤ የውጤት ማሳወቂያውም በአንድ ሳምንት ተገፋ። እዚህ ላይ ጋለሪውን ማመስገን ይገባል፤ ብዙ ቦታ ይህን ዓይነት ነገር በዝምታ ያሳልፉታል። የዘገየበትንም ምክንያት ለሁሉም አመልካች በኢሜይል ጻፈ።

ፎርሙ ሲታረም የዓመቱ ባዶ መስመር ወጥቶ በምርጫ ዝርዝር ተተካ። ዝርዝሩ «2016 ዓ.ም. (2023/24 እ.ኤ.አ.)» እያለ ሁለቱን አንድ ላይ ያሳያል፤ ከጎኑም የወር ዝርዝር አለ። የትውልድ ዘመንም እንደዚያው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጎግል ፎርም ዝግጁ የሆነ የቀን መምረጫ አለው፤ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ካሌንደር ብቻ ነው። እሱን ያስቀመጠ ሰው ችግሩን የፈታ ይመስለዋል፤ የሚያገኘው ግን በግምት የተቀየረ የልደት ቀን ነው።

ከዓመቱ ጋር የሰዓቱም ጉድ ወጣ። ማስታወቂያው «እስከ ጥር 30 ሌሊት 6 ሰዓት» ይል ነበር። ፎርሙ የሚዘጋበትን ሰዓት ያስገባው ሰው ይህን ፌብሩዋሪ 7፣ 12:00 ኤ.ኤም. ብሎ ሞላው። ጥር 30 ቀን 2017 ፌብሩዋሪ 7 መሆኑ ልክ ነው። ግን በኮምፒውተሩ አቆጣጠር የፌብሩዋሪ 7 ዕለት የሚጀምረው በዚያችው ደቂቃ ነው፤ እሷም ከጥር 29 ማታ ቀጥላ የምትመጣው እኩለ ሌሊት ናት። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ገና አንድ ሙሉ ቀን እንዳለው ያስባል። ፎርሙ 24 ሰዓት ቀድሞ ተዘጋ። ይህን በጠዋት ያዩት ሰዎች ስልክ ስለደወሉ ወዲያው ተከፈተ። መፍትሔው እኩለ ሌሊትን ጨርሶ መተው ነው። በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ቢባል በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ ያው ነው፣ ስልክ የሚያነሳም ሰው ቢሮ አለ።

ፎርሙን ካነሳን ስለሚቀበለው ፋይል መጠንም። ጎግል ፎርም ፋይል እንዲቀበል ሲደረግ፣ ካልተቀየረ በቀር ጠቅላላ ወሰኑ 1 ጊጋባይት ነው፤ ሲሞላ መቀበሉን ያቆማል። አንድ አመልካች እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት የሆኑ ሦስት ፎቶዎች ከላከ በ69ኛው ሰው ላይ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ወሰኑ ከማስተካከያው ውስጥ ከፍ ይላል፤ በነፃ የሚሰጠው የድራይቭ ቦታ 15 ጊጋባይት ስለሆነ በዚሁ ሒሳብ አካውንቱ ባዶ ከሆነ ሺህ ሰው ያህል ይችላል። ፋይል መጫን ደግሞ የጎግል አካውንት ይጠይቃል፤ አካውንቱን ሞባይሉ ላይ ሌላ ሰው የከፈተለት ሠዓሊ የይለፍ ቃሉን አያውቀው ይሆናል። ለእነዚህ ጋለሪው በቴሌግራም መቀበል ጀመረ፤ እዚያም ሌላ ጣጣ ጠበቀው።

ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልኩበት ያሳንሰዋል፤ ረጅሙ ጎን ብዙውን ጊዜ 1280 ፒክስል ይሆናል፣ የተነሣበት ቀንም ከፋይሉ ይጠፋል። 1280 ፒክስል ለስልክ መስተዋት ይበቃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም ግን 10.8 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኤፎር ሙሉ ገጽ የሚሞላ ፎቶ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል። ይኸው ፎቶ «ፋይል» ተብሎ ከተላከ ግን እንዳለ ይደርሳል። በማስታወቂያው ላይ «ጥራት ያለው ፎቶ ላኩ» ከማለት «በቴሌግራም የምትልኩ፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ» ማለት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ምክር ነው፣ ሁለተኛው መመሪያ።

የፎቶው አነሣስ ራሱ ከዳኛው በፊት ይፈርዳል። ለንደን ውስጥ ሮያል አካዳሚ ከ1769 ጀምሮ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ሰመር ኤግዚቢሽን እንኳ ከውጭ የሚያመለክቱ ሥራዎች መጀመሪያ የሚታዩት በዲጂታል ፎቶ ነው፤ በአካል የሚታየው ያንን ያለፈው ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ የሌለው ሠዓሊ ቢያንስ ይህን ያድርግ። ሥዕሉን ቀጥ ብሎ ከቆመ ግድግዳ ላይ ይስቀል፤ የካሜራው ዓይን ከሥዕሉ መሐል ጋር እኩል ይሁን፤ ወደ ሥዕሉ ከመጠጋት ራቅ ብሎ በዙም ትንሽ ማቅረብ ጠርዙ እንዳይጎብጥ ያደርጋል። ብርሃኑ ደመናማ ቀን በጥላ ሥር ቢሆን ጥሩ ነው፤ በመብራት ከሆነ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ ይቀመጡ፣ ፍላሽ ይጥፋ። የመስኮት ብርሃንና ቢጫ አምፖል ከተቀላቀሉ ግማሹ ሥዕል ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካን ይሆናል፤ ያንን በኋላ ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቀላል። የፎቶው ቀለም ኤስ አር ጂ ቢ (sRGB) በተባለው የተለመደ የቀለም ሥርዓት ይቀመጥ። በአዶቤ አር ጂ ቢ የተቀመጠ ፋይል ያንን በማያነብ ፕሮግራም ሲከፈት ቀዩ ይደበዝዛል፤ ዳኛውም ሠዓሊው ቀለም የፈራ ይመስለዋል።

ልኬቱ በሳንቲ ሜትር፣ ቁመት ቀድሞ ወርድ ተከትሎ ይጻፍ። አገላብጠው የጻፉ ስለነበሩ የግድግዳው ፕላን ሁለት ጊዜ ተሠርቷል።

ሌላው የመብት አንቀጽ ነው። የመጀመሪያው ፎርም «የተላኩ ምስሎችን ጋለሪው ሊጠቀምባቸው ይችላል» ይል ነበር፤ ለምን፣ እስከ መቼ የሚል የለውም። ተስተካክሎ ለዚህ ውድድር ማስተዋወቂያና ለካታሎጉ ብቻ፣ የሠዓሊው ስም ተጠቅሶ፣ ያልተመረጡት ደግሞ ውጤቱ በታወቀ በ30 ቀን ውስጥ እንደሚሰረዙ ተጻፈ። አንቀጹ የሚጠቅሰው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 410/1996፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ 410/2004 ተብሎ ይጻፋል። ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን ያትማል፤ ይኸው መፍትሔ ድሮም መደርደሪያ ላይ ነበር።

የሕዝብ ድምፅ ይጨመር የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። አለመጨመሩ ደግ ሆነ። ላይክ የሚቆጥር ውድድር ዘመድ የበዛለትን ይሸልማል፤ ተከታይ የሚያተርፈውም ጋለሪው እንጂ ሠዓሊው አይደለም። ለጀማሪ ሠዓሊ የሚጠቅመው ሥራው ከነዋጋውና ከነልኬቱ ለጋለሪው ገዢዎች በሚላከው ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይህኛው ጋለሪ ለተመረጡት 12 ሠዓልያን ያንን ሰጥቷል። ከአመልካቹ ሁሉ ገንዘብ ተቀብሎ ሁሉንም ድረ ገጽ ላይ የሚደረድር «ውድድር» ግን ውድድር አይባልም።

ከተመለሱት መካከል አራቱ ከ12ቱ ውስጥ ገቡ። ደዋይዋ አልገባችም። ውጤቱ በኢሜይል ሲደርሳት ለአስተባባሪዋ በቴሌግራም ጻፈችላት፦ «እሺ፣ አሁን በሥዕሌ ነው የወደቅኩት፤ ይኼ ይሻላል። ቀጣዩ መቼ ነው?»

«2018 ላይ እንከፍታለን።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»