አሮጌ ሪቮልቨር ከመተኮሱ በፊት

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጡበትን ሽጉጥ፣ የምሰበስበው ልተኩስበት ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚያምር ሽጉጥ አይጠላም። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ብረት ዛሬም ዒላማ ሲበሳ ማየት ነው። የፈቃዱን ነገር እያንዳንዱ ሰው በአገሩ ሕግ መሠረት አስቀድሞ ይጨርስ። ቀሪው ሥራ ትዕግሥት ነው።

ስገዛ በስም አልደነግጥም። የአሜሪካው ኮልትም ይሁን የእንግሊዙ ዌብሊ፣ መጀመሪያ የማየው ያለበትን ሁኔታ ነው። እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ አሮጌ ሽጉጥ ያጠራጥረኛል። የተቀረጸው ጽሑፍ ከደበዘዘና ማዕዘኖቹ ከተድበለበሉ፣ አንድ ሰው ሞርዶ እንደገና አጥቁሮታል ማለት ነው። ለሰብሳቢ የፋብሪካው የመጀመሪያ ቀለም፣ ቢላላጥም እንኳ፣ ከአዲስ ቀለም ይበልጣል። የብሎን ጭንቅላቶችም ይናገራሉ፤ ከተቦጫጨቁ ውስጡን የማያውቅ እጅ ነካክቶታል።

ከዚያ ወደ ውስጡ እገባለሁ። ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጣለሁ። መዶሻውን፣ ጥይቱን መትቶ የሚያስተኩሰውን ክፍል፣ በአውራ ጣቴ በጣም ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እስባለሁ። በሌላኛው እጄ ሲሊንደሩን ለስለስ አድርጌ ያዝ አደርገዋለሁ፣ በራሱ ፍጥነት እንዳይዞር። መዶሻው ወደ ኋላ ሄዶ ሲይዝ ሲሊንደሩም ቀጭ ብሎ መቆለፍ አለበት። ካልቆለፈ ሲሊንደሩ ላይ ያለው የጥይት ቀዳዳና አፈሙዙ (ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ) አልተገጣጠሙም፤ ጥይቱ የአፈሙዙን ጠርዝ ገጭቶ የእርሳስ ብረት ፍንጣሪ ወደ ጎን ይረጫል። ይህን በሁሉም ቀዳዳዎች ላይ እደግማለሁ፤ አንዱ ብቻ የሚያጠፋበት ጊዜ አለና። በመጨረሻ አፈሙዙን በብርሃን አያለሁ። ውስጡ እንደ ቀለበት የሚታይ ጥቁር ክብ ካለ፣ ድሮ ጥይት ተሰንቅሮበት ብረቱ አብጧል። ያንን አልገዛም።

ትልቁ ነገር ግን ጥይቱ ነው። "ገባ" ማለት "ይተኮሳል" ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት ሪቮልቨር የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ፋብሪካው ከጥቁሩ ይልቅ ከፍ ያለ ግፊት ለሚፈጥረው ለጭስ አልባ ባሩድ ዋስትና መስጠት የጀመረው በ1900 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት በተሠራው ውስጥ የዛሬን ጥይት ማጉረስ ብረቱ ከሚችለው በላይ መጫን ነው። ዌብሊ ማርክ 6 ደግሞ በ1915 ለ.455 ጥይት ተሠራ። በኋላ የብዙዎቹ ሲሊንደር ከኋላ ተሞርዶ .45 ኤሲፒ የተባለውን የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት እንዲጎርስ ተደረገ። የፋብሪካ .45 ኤሲፒ ግን ዌብሊው ከተሠራበት ግፊት በላይ ነው። ስለዚህ የተሞረደ ካገኘሁ የምተኩሰው ለእሱ ተብሎ በቀላል ባሩድ የተሞላ ጥይት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የ1895ቱ የሩሲያ ሪቮልቨር፣ ናጋንት ነው። ሰባት ጥይት ይጎርሳል። መዶሻውን ስትስቡ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተንሸራትቶ አፈሙዙ ላይ ይለጠፋል፣ ቀለሁም (የጥይቱ የናስ ቅርፊት) ክፍተቱን ይደፍናል። ጋዝ አያፈተልክም። የቃታው ክብደት ግን ጣት ያደክማል። እኔ መዶሻውን በእጄ እየሳብኩ ነው የምተኩስበት፤ ዒላማዬም ያኔ ይሰበሰባል። በሌሎቹ ሪቮልቨሮች ግን በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ትኩስ ጋዝ ይወጣል። ጣት እዚያ ጋ ዝር ማለት የለበትም።

የድሮው ኮልት ስድስት ቀዳዳ ቢኖረውም አምስት ብቻ ነው የማጎርሰው። መዶሻው ባዶ ቀዳዳ ላይ ያርፋል፤ ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይባርቅ። ስተኩስ ደግሞ ጆሮዬ ንቁ ነው። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ወዲያው አቆማለሁ። ጥይቱ አፈሙዝ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ከኋላ ቢመጣ አፈሙዙን ያፈነዳዋል። አራግፌ፣ በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ሳላይ አልቀጥልም።

ጽዳቱ በዚያው ቀን ያልቃል። በድሮ ወታደራዊ ጥይቶች ውስጥ ያለው፣ ባሩዱን የሚለኩሰው ማቀጣጠያ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ዝገት ይወልዳል። ዘይት ብቻውን ጨውን አያነሳውም። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥሩ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት። እጅንም መታጠብ ነው፣ የእርሳስ ነገር ቀልድ አይደለም። ቆዳ ማኅደር ውስጥ ግን አላስቀምጥም፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል።

አሁን ዓይኔ ያረፈው በፈረንሳዩ የ1873 የጦር ሪቮልቨር ላይ ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ እንደ ልብ ገበያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው ቀለሁንና አረሩን ነው። ጥይቱ እጄ ከገባ በኋላ ወደ ሽጉጡ እሄዳለሁ።