ከባሕር ዳር ጋራዥ እስከ ሽቱትጋርት፦ የውድድር መኪና ሞተሮችን በአንድ ጥያቄ የጎበኘሁበት ጉዞ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ የሚሠራ ሞተር ፒስተኑ በወረደ ቁጥር የሚስበው አየር በወደብ ከተማ ከሚሠራው መሰሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በእኛ ጋራዥ ይህ የዘወትር ክርክር ነው። ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ የወጣ አይሱዙ «ጉልበት አጣ» ተብሎ ሲመጣ፣ ወይም የባጃጅ ካንዴላ ተፈትቶ በጥላሸት ጠቁሮ ሲገኝ፣ አንዱ በነዳጁ፣ ሌላው ነዳጁን ከአየር በሚደባልቀው ካርቡራተር፣ ሦስተኛው በሾፌሩ ያመካኛል። ፍራንክፈርት የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ጋብዞኝ ወደ ጀርመን የመሄድ ዕድል ሳገኝና በመኪናው እየነዳ የውድድር መኪናና የሞተር ሙዚየሞችን ሊያሳየኝ ሲስማማ፣ ይዤ የሄድኩት ጥያቄም ከዚሁ ክርክር የመጣ ነው፤ መሐንዲሶች ከመጀመሪያው መኪና ጀምሮ ሞተር ውስጥ ብዙ አየር ለማስገባት ምን ምን አደረጉ?

ከመነሣቴ በፊት ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት መካኒክ «ቀለሙን አይተህ እንዳትመጣ፤ ቴስታታውን እየው» ብለው፣ ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክዳን እንዳይ አሳሰቡኝ። «ጋሼ፣ ኮፈኑ ተዘግቶ ከሆነስ?» ብላቸው፣ «አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከውጭም ያስታውቃል፤ አንተ ብቻ አትቸኩል» አሉኝ። ምክራቸውን በሥራ ላይ ለማዋል ደብተሬን በአምድ ከፋፈልኩትና ለእያንዳንዱ ሞተር የሲሊንደሩን ይዘት፣ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር፣ አየሩ የሚገባበትን መንገድ እንዲሁም የሲሊንደሩን በር፣ ማለትም ቫልቩን፣ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ነገር ብቻ ለመመዝገብ ወሰንኩ። የዋንጫውን ብዛትና የመኪናውን ዋጋ የሚመዘግብ ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለ ገደብ ያላበጀ ጎብኚ በትልልቆቹ ሙዚየሞች ውስጥ ሁለተኛው አዳራሽ ላይ ዓይኑ ይዝላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ይሆንበታል።

የጉዞውን ቅደም ተከተል የወሰነልን የመዝጊያ ቀን ነው። የሽቱትጋርቱ የመርሴዲስ ቤንዝ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ሲሆን፣ የዚንስሃይሙ የቴክኒክ ሙዚየም ግን ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነ፣ ሰኞን ለዚንስሃይም፣ ማግስቱን ለሽቱትጋርት መደብን። ከፍራንክፈርት ሽቱትጋርት ያለው ርቀት ከባሕር ዳር ጎንደር ካለው ብዙም አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ራሱ የሚታይ ነገር አለው። ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ሩዶልፍ ካራቺዮላ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1938 በመርሴዲስ የክብረ ወሰን መኪና በሰዓት 432.7 ኪሎ ሜትር ነድቷል። በዚያኑ ዕለት ይህን ክብረ ወሰን ለመስበር የተነሣው የተፎካካሪው ኩባንያ የአውቶ ዩኒየን ነጂ በርንት ሮዘማየር በዚሁ ጎዳና ላይ ሕይወቱ አልፏል። ታሪኩን የነገርኩት በሰዓት 130 እየነዳ ሳለ ነበርና፣ የአጎቴ ልጅ ምንም ሳይናገር እግሩን ከነዳጅ መስጫው ትንሽ አነሣ።

ከሃይደልበርግ በስተደቡብ በምትገኘው ቪስሎኽ የቆምነው ለአንድ መድኃኒት ቤት ስንል ነው። ቤርታ ቤንዝ በኦገስት 1888 ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ባሏ በሠራው ባለ ሦስት ጎማ መኪና ከማንሃይም ወደ ፕፎርትስሃይም ስትጓዝ፣ ለነዳጅ የሚሆናትን ሊግሮይን የተባለ ፈሳሽ የገዛችው ከዚያ ስለሆነ፣ መድኃኒት ቤቱ የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ እየተባለ ይጠራል። ለእኔ ግን ከነዳጁ ይልቅ የመንገድ ላይ ጥገናዋ ይጥመኛል። የተደፈነውን የነዳጅ መስመር በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተች፤ የኤሌክትሪክ ሽቦውን በካልሲ ማሰሪያዋ ሸፈነች፤ የተበላውን ፍሬን ጫማ ሰፊ ቆዳ እንዲለብጥላት አደረገች። ዳገት ሲገጥማቸው ልጆቹ ወርደው ይገፉ ስለነበር፣ ከጉዞው በኋላ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ማርሽ እንዲገባ አሳሰበች። እንግዲህ ለደከመ ሞተር መጀመሪያ የተገኘለት መድኃኒት ማርሽ ነበር፤ የአየሩ ጉዳይ ኋላ የመጣ ነው።

ወደ ዚንስሃይም አብዛኛው ሰው የሚሄደው ጣሪያው ላይ የቆሙትን ኮንኮርድና ቱፖሌቭ 144 አውሮፕላኖች ለማየት ነው። እኛም ወጥተን አየናቸው፤ ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት ግን ምድር ላይ ባሉት ሁለት መኪኖች ዘንድ ነው። «ብሩቱስ» የሚባለው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የአሜሪካን ላፍራንስ ቻሲስ ላይ የቢኤምደብሊው አውሮፕላን ሞተር ተጭኖበት በኋላ ዘመን የተገጣጠመ ነው። ሞተሩ ባለ 12 ሲሊንደር ሲሆን ይዘቱ 46 ሊትር ገደማ ነው፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሰንሰለት ነው። ብዙ አየር ለማስገባት ቀጥተኛው መንገድ ሲሊንደሩን ማግዘፍ ስለሆነ፣ ይህ መኪና በዚያ መንገድ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ያሳያል፤ ክብደቱን ያየ ሰውም ሌላ መንገድ መፈለግ ለምን እንዳስፈለገ ወዲያው ይገባዋል።

ሌላው «ብሉ ፍሌም» ነው። ጋሪ ጋቤሊች እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት ከ1,014 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳው ይህ ተሽከርካሪ የሚገፋው በሮኬት ነው። ነዳጁን ብቻ ሳይሆን ለማቃጠያ የሚሆነውን ኦክስጅን የሚሰጠውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ራሱ ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ ከውጭ አየር አይፈልግም። በደብተሬ ላይ አየሩ የሚገባበት መንገድ በሚለው አምድ ሥር «የለም» ብዬ የጻፍኩት ለእሱ ብቻ ነው።

በመርሴዲስ ሙዚየም ጎብኚው በሊፍት ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣና፣ በጠመዝማዛው መተላለፊያ እየወረደ ከ1886 ወደ ዛሬ ይመጣል። የሊፍቱ በር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ነጭ ፈረስ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ባለው አዳራሽ ውስጥ የካርል ቤንዝን ባለ ሦስት ጎማ መኪና አገኘሁና ከኋላው ዞሬ ቆምኩ። አንዱ ሲሊንደር ተጋድሟል፤ ከሥሩ አንድ ከባድ የብረት መንኮራኩር እንደ ምጣድ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ የፒስተኑን ምልልስ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ምንም ሽፋን የለበትም፤ ከጎንና ከጎን ሁለት ሰንሰለቶች ወደ ኋላ ጎማዎቹ ይሄዳሉ። ሞተሩን ለማስነሣት መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር ያስፈልግ ነበር። በእጅ ማንሻ ተስቦ የሚነሣ ባጃጅ ለለመደ የባሕር ዳር ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም፤ ሞተሩ ከኋላ መሆኑና የፊት ጎማው አንድ መሆኑ ሳይቀር ይመሳሰላል።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሒሳብ ሠራሁ። የቤንዝ ሞተር 954 ሲሲ ሲሆን፣ በደቂቃ 400 ጊዜ እየዞረ የሚሰጠው ኃይል 0.75 የፈረስ ጉልበት ነው። የእኛ ባጃጅ 200 ሲሲ ገደማ ይዞ አሥር የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንዴ ስለሚስብ፣ ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይሞላል ብንል ቤንዝ በደቂቃ 190 ሊትር ያህል አየር ይወስዳል፤ ባጃጅ በ5,000 ዙር 500 ሊትር ይወስዳል። አየሩ ሦስት እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ከአሥር እጥፍ በላይ አድጓል። ስለዚህ የቀረው ልዩነት አየሩ ከገባ በኋላ ከሚሆነው የመጣ ነው፤ በተለይ ከመቀጣጠሉ በፊት ምን ያህል ከመታመቁ፣ ከነዳጁም ጋር እንዴት ከመደባለቁ። ይዤ የመጣሁት ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ብቻ እንደሆነ የገባኝ በዚህ ስሌት ነው።

የዳይምለርና የማይባኽ ቀደምት ሞተር ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የአየር ማስገቢያ ቫልቩን እየዞረ ገፍቶ የሚከፍት ካም የሚባለው ጎባጣ ብረት የለውም፤ ፒስተኑ ሲወርድ በሚፈጠረው ስበት ቫልቩ ራሱ ይከፈታል፣ ደካማ ሞላ ደግሞ ይዘጋዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ቫልቩ በጊዜ ከፍቶ በጊዜ መዝጋት ስለማይችል፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ እንዲዞር ያስገድደዋል።

የውድድር መኪኖቹ ያሉት ከታች ሲሆን፣ እንደ ውድድር ሜዳ ኩርባ በተጋደመ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የነበረው የግራንድ ፕሪ ደንብ የመኪናውን ክብደት በ750 ኪሎ ግራም ሲወስን የሞተሩን ይዘት ክፍት ተወው። በ1937 የመጣው የመርሴዲስ ደብሊው 125 የዚህ ደንብ ውጤት ነው፤ ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 5.66 ሊትር፣ 600 ሊሞላ ትንሽ የቀረው የፈረስ ጉልበት። አየሩ በከባቢው ግፊት ብቻ እንዲገባ አልተተወም፤ በክራንክ ሻፍቱ ኃይል የሚዞር ኮምፕሬሰር እየገፋ ያስገባዋል። ነዳጁ አብዛኛው አልኮል ስለነበር በሚተንበት ጊዜ የሚገባውን ድብልቅ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ ድብልቅ ደግሞ ስለሚጠጥር በዚያው ሲሊንደር ውስጥ የበለጠ ይገባል። የአጎቴ ልጅ «ታዲያ በአረቄ ነው የሚሄደው?» ብሎ የሳቀው እውነትነት አለው፤ ከድብልቁ ከፊሉ ኤቲል አልኮል ነበር።

በ1938 ደንቡ ተለወጠና ኮምፕሬሰር ያለው ሞተር ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ተደረገ፤ መልሱም ባለ 12 ሲሊንደሩ ደብሊው 154 ሆነ። ከሁሉ በላይ ያቆየኝ ግን በ1954 የመጣው ደብሊው 196 ነው። በአዲሱ ደንብ ኮምፕሬሰር የሌለው ሞተር እስከ 2.5 ሊትር ስለተፈቀደለት፣ መሐንዲሶቹ አየሩን መግፋት ትተው በሩን ወደ ማስተካከል ዞሩ። ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ አይደለም፤ አንዱ ካም ይከፍተዋል፣ ሌላው ካም ይዘጋዋል። በከፍተኛ ዙር ሞላ ቫልቩን በጊዜ ባለመመለሱ የሚመጣው ችግር በዚህ ተወገደ። ነዳጁም በካርቡራተር ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል። ከኮምፕሬሰር ውጪ ከ250 የፈረስ ጉልበት በላይ የሰጠው ይህ መኪና በተሰለፈባቸው 12 የዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች ዘጠኙን አሸነፈ፤ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮም በ1954ና በ1955 ሻምፒዮን ሆነ። እንደ እኔ ግምት ከ600 ፈረሱ ይልቅ ለመካኒክ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ጉልበት በመጨመር ብቻ ሳይሆን ቫልቭና ነዳጅ በሰዓታቸው እንዲደርሱ በማድረግም ይገኛል።

ከተመለስኩ በኋላ በጋራዣችን የለወጥነው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ እንሠራበታለን። ጉልበት ያጣ ባጃጅ ሲመጣ ካርቡራተሩን ከመፍታታችን በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥተን ወደ ብርሃን አቅንተን እናያለን። ከአስፋልቱ ወጥቶ በአቧራማው መንደር የሚውል ባጃጅ ማጣሪያው ብርሃን የማያሳልፍ ሆኖ ይገኛል፤ ከፍታው የቀነሰውን አየር አቧራው ደግሞ ይቀንሰዋል። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ካንዴላው ከጠቆረ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር በእኛ ሳሳ ያለ አየር ላይ ነዳጅ እያበዛ እንደሆነ እንገምትና ወደ ማስተካከል እንሄዳለን። ቀጥሎ የሲሊንደሩን እመቃ እንለካለን። ተለማማጆቹ ይህን ቅደም ተከተል የያዙት ፎቶዎቹን ካዩና የ190ና የ500 ሊትሩን ሒሳብ ራሳቸው ከሠሩ በኋላ ነው፤ በቃል ብቻ ስነግራቸው አልያዙትም ነበር።

በቱርቦ ጉዳይ ግን ከጋሼ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ቱርቦም አየር ገፍቶ ያስገባል፤ የሚዞረው ግን በጭስ ማውጫው ጋዝ ስለሆነ እንደ ኮምፕሬሰር ከክራንክ ሻፍቱ ጉልበት አይወስድም፤ ከፍታ የቀነሰውን ግፊትም መልሶ መሙላት ስለሚችል፣ ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ብዬ እከራከራለሁ። ጋሼ ግን «ስንት ቱርቦ ተቃጥሎ እንደመጣ እኔን ጠይቀኝ፤ ሾፌሩ ዳገቱን ጨርሶ እንዳቆመ ሞተሩን ያጠፋዋል» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ስለሚቆም፣ የጋለው የቱርቦ ኩሽኔታ ላይ የቀረው ዘይት ያራል። ስለዚህ ከባድ ጭነት ይዘው ለሚመጡ ሾፌሮች ከማጥፋታቸው በፊት ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባዶ እንዲያቆዩት እንነግራቸዋለን። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ፤ ሌሎቹ ግን «በዚህ የናፍጣ ዋጋ?» ብለው ቁልፉን እዚያው ያጠፉታል።