ከቫተንሻይድ፣ መልካም ገና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የዶሮው ሽንኩርት ተጥዷል። እስኪበስል ይህችን ልጻፍላችሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የቼሪ ቅርንጫፍ አለ። በዚህ ብርድ አብቧል። ቆርጠው የሰጡኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ። የቆረጡት በዲሴምበር 4፣ በቅድስት በርባራ ቀን ነው። የእኛ ስንክሳር ታኅሣሥ 8 የሚያስባት በርባራ እዚህ የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ ናት። በዕለቷ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለገና ያብባል። የእነሱ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። አበባው ግን ለእኛም ደረሰ።

የምኖረው ጀርመን፣ ሩር አካባቢ፣ ቫተንሻይድ ነው። አድራሻዬ ግን ቦኹም ይላል። ቫተንሻይድ ከ1417 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማ መብት ነበራት። ሰዉ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ቦኹም እንዳትጠቃለል ታግሏል፣ ፊርማ አሰባስቧል። አልሆነም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1975 የቦኹም አካል ሆነች። በዘመን መለወጫ ዕለት! ጎረቤቴ ይህን ሲያወሩ እስካሁን ድምፃቸው ይሰበራል። «የቫተንሻይድ ሰው ሆኜ ተኛሁ፣ የቦኹም ሰው ሆኜ ነቃሁ» ይላሉ።

ወጣት ሳሉ፣ በክረምት፣ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ሲወጡ መሽቷል። ፀሐይ የሚያዩት እሑድ ብቻ ነው። ሆላንድ ከሚባለው የቫተንሻይድ የከሰል ማዕድን ዛሬ የብረት ማማው ቆሞ ይታያል። የጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድንም በ2018 እ.ኤ.አ. ቦትሮፕ ከተማ ላይ ተዘጋ። ሥራው ሄደ፣ ከተማውም ሄደ። ስሙ ግን አልሄደም። በ2012 እ.ኤ.አ. የድሮው የመኪና ታርጋ ሲፈቀድ፣ ጎረቤቴ የቦኹሙን አስነቅለው የቫተንሻይድን ፊደል አስለጠፉ። አሁንም በየሳምንቱ ያጥቡታል።

ለምን እንዲህ እንደሚነካኝ ታውቃላችሁ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ያደግኩበት ግቢ ፈርሷል። የእናቴ ቡና ጠጪዎች በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ትናንት ደውዬላት «በዓሉን ከማን ጋር ነሽ?» አልኳት። «ከካዛንቺሶች ጋር ነዋ!» አለችኝ። ሁለት ታክሲ ይዘው እሷ ጋ ሊሰበሰቡ ነው። እትዬ ሁሉ ድፎ ይዛ ትመጣለች።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ዶሮ ወጡን ሊበሉ መጡ። እንደ ልማዳቸው «ግሉክ አውፍ» ይሉኛል፤ የጉድጓድ ሰዎች ሰላምታ ነው። እኔም በአማርኛ «እንኳን አደረሰዎት» እላቸዋለሁ።