ከአዲሱ ርካሽ ያገለገለው ጠንካራ

በዚያው ብር አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ከምትገዙ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ግዙ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ላለን ሰዎች ደግሞ ምክንያቱ የዋጋ ብቻ አይደለም። ዕቃው ሲበላሽ ወደ ገዛንበት አዲስ አበባ እንመልሰው ካልን ዓባይ በረሃን ተሻግረን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ልንሄድ ነው፣ ያውም መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው ፍጥነቱን ሳይሆን እዚሁ ተፈትቶ እዚሁ መጠገን መቻሉን ነው።

የእኔ ላፕቶፕ የሌኖቮ ኩባንያ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሞዴል ነው። እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በገፍ ይገዛሉ ወይም ይከራያሉ፣ ሦስት አራት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላም በአዲስ ይተኳቸዋል። የተተኩት ተጸድተውና ተፈትሸው፣ የሚቀየር ነገር ካላቸውም ተቀይሮላቸው እንደገና ይሸጣሉ። ሪፈርቢሽድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዴል ላቲቲዩድና ኤችፒ ኤሊትቡክም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ሲሠሩም የድርጅት ቴክኒሻን እንደሚፈታቸው ታስቦ ነው። ቲ480ን ብትገለብጡት ክዳኑን የያዙት ስድስት ብሎኖች ናቸው። በካቻቢቴ ሲፈቱ ይላላሉ እንጂ ከክዳኑ አይወጡም፣ ስለዚህ አልጋ ሥር ገብቶ የሚጠፋ ብሎን የለም። ክዳኑ ሲነሳ ሁለቱ የራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቦታዎች፣ ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ፣ ማቀዝቀዣው ፋን፣ ሁሉም ፊት ለፊት ይታያሉ። ራሙን እስከ 32 ጊጋ ማሳደግ ይቻላል። ብዙዎቹ ቀጫጭን አዳዲስ ላፕቶፖች ግን ራማቸው ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። አነሰኝ ብትሉ መላ የለውም።

ከሁሉም የምወድለት ግን ባትሪውን ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጡ ያለ 24 ዋት ሰዓት ነው፤ ዋት ሰዓት ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው። ሌላው ከኋላ በጣት የሚነቀል ሲሆን በ24፣ በ48 እና በ72 ዋት ሰዓት ይገኛል። ማሽኑ የኋላውን አስቀድሞ ይጨርስና የውስጡን ለመጨረሻ ያቆያል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ሳላጠፋ፣ የምጽፈው ሰነድ እንደተከፈተ፣ ያለቀውን ባትሪ ነቅዬ ሞልቶ የተቀመጠውን እሰካለሁ። ቀጭ ይላል፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ክረምት ላይ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም መብራት ለሚሄድበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ላፕቶፕ ልትገዛ ስትል ሱቅ አብሬያት ሄጄ ነበር። «አክስቴ፣ ይሄኛው አዲስ ይመስላል» አለችኝ። እውነትም ያምራል። አስነስቼ ኤፍ1 ስጫን ግን ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ፓስወርድ ጠየቀ። ሻጩ «እሱ ችግር የለውም፣ ዊንዶውሱ ይሠራል» አለን። ችግር አለው! የቀድሞው ባለቤት የቆለፈው ፓስወርድ ነው፤ ከጠፋ የአምራቹ መመሪያ የሚለው ማዘርቦርዱ ይቀየር ነው። «ሌላ አሳየን ወንድሜ» አልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የማታውቁትን ድርጅት ስም አሳይቶ በዚያ ድርጅት ኢሜይል ግቡ ካላችሁም አትንኩት፣ ገና ከድርጅቱ መዝገብ አልተሰረዘም ማለት ነው። ባትሪውንም ሌኖቮ ቫንቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ላይ እዩት። ሲመረት ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ወደ ብልሽቱ ልምጣ። አንድ ማታ መብራቱ ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ ሲል ቆየና ላፕቶፔ ጭጭ አለ። ማብሪያውን ብጫነው ምንም የለም። ቻርጀር ብሰካም ትንሿ መብራት አትበራም። እንዲህ ሲሆን ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ የሚፈርድ ጠጋኝ አይጠፋም፣ ቶሎ አትመኑት። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ የኋላውን ባትሪ አወጣሁና ገለበጥኩት። ከሥሩ ለሪሴት የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የወረቀት አግራፍ ቀጥ አድርጌ በቀስታ ጫን አደረግኳት። ይህ ከውስጠኛው ባትሪ የሚመጣውን ኃይል ለጊዜው ይቆርጠዋል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ቻርጀሩን ስመልሰው ተነሳ። ቀዳዳዋ በሌለችባቸው ላፕቶፖች ቻርጀሩንና የሚነቀል ባትሪ ካለ እሱንም አውጥቶ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ቻርጅ አልቀበል ሲል ደግሞ ከቻርጀሩ ጀምሩ። ቲ480 በታይፕ ሲ ነው ቻርጅ የሚያደርገው፣ 65 ዋት ይበቃዋል። የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ አቅሙ አይችለውም። ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳ ስላለው ሌላኛውንም ሞክሩ። ደግሞ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ተንደርቦልት የሚባለው ፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ የተጫነው ፕሮግራም) የታወቀ ችግር ነበረበት፣ ቀዳዳው ቻርጅ እስከማድረግ ሊያቆም ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያውን ካወጣ ቆይቷል። እንደገዛችሁ፣ ኢንተርኔት ባለበት ቀን ጫኑት።

በጣም ከሞቀና ፋኑ ከጮኸ፣ ማሽኑም ከተንቀረፈፈ፣ አቧራ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ ፎርማት ግን አቧራ አያወጣም። የበጋው አቧራ አንድ ነገር ነው፤ ጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራት ደግሞ ከሥሩ ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍነዋል። ከመክፈታችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ፣ ኮንፊግ ከዚያም ፓወር ብላችሁ፣ የውስጡን ባትሪ ዲሴብል አድርጉት (ኃይሉን ዝጉት)። ይህቺን አትዝለሉ፤ ኃይል እያለው ብረት ካስነካችሁት ያኔ ነው በእውነት የሚቃጠለው። ፋኑን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቀይሩ።

ስለ ዊንዶውስ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ቲ480 ደግሞ በ7ኛ ትውልድም ተሽጧል። ስለዚህ የሞዴሉን ስም ብቻ አይታችሁ ብር አትቁጠሩ፣ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ፤ አይ5 ከሚለው ቀጥሎ በ8 ይጀምር። በ7 ከጀመረ ባለ ሁለት ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ነው፣ የ8ኛ ትውልዱ አይ5 ግን ባለ አራት ነው። ዋጋቸው እኩል ከተባላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።